የፈተናው ሬሳ

ሰማንያ ኪሎ ነው የፈተናው ሬሳ፣
አሸዋ የሞላው ጨርቅ፣ ቢጥሉት አይነሳ።
ያስና በአርባ አራቷ፣ ጉልበቷን በጨርቅ ጠፍራ፣
ትጎትተዋለች፣ ከልጇ እኩዮች ጋራ።
ቱቦ በትከሻ፣ ሁለት መቶ ደረጃ፤
የእሳት አደጋው ሹም «አለፍሽ» ብሎ ይሰጣታል ማስረጃ።

በጥር ነፋስ ግን፣ የቫልፓራይሶ ዳገት ሲቃጠል፣
ቆርቆሮው ሲጠቀለል እንደ ደረቀ ቅጠል፣
አሮጊቷ ኤዱቪና፣ አርባ ኪሎ የማትሞላ፣
የበሯን መቃን ጨብጣ፣ ከጭሱ ኋላ፣
«ልቀቂኝ በሞቴ!
የት ልሂድ ከቤቴ?»

ያ ሬሳ መቃን አይጨብጥም፤ በሞቴ አይልም።
አሸዋ ቤት የለውም።

የአሮጊቷን ጣቶች አንድ ባንድ ፈልቅቃ፣
ወረደች አዝላት፣ በጭሱ ታንቃ።

በማግስቱ ትከሻዋ ደኅና ነው፤ ወገቧም።
ጣቶቿ ግን ማንኪያ ይዘው፣
ልቀቁ ቢባሉ አይለቁም።