የስም ኪራይ

ኦቪዲዮ ሲሞት መዝገቡን ተረከብኩ፤
ማኅተም፣ ሁለት ቁልፍ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ቆጥሬ ፈረምኩ።
የጀልባው ነዳጅ፣ የገመዱ ዕዳ፣
የነፍስ አድን ሰደርያ፣ የመጋዘኑ ጓዳ፣
ሁሉን አየሁ። ስማችንን ግን አልጠየቅኩም፤
ስም ኪራይ እንዳለው ከማንም አልሰማሁም።

በቺሎዌ ደሴት ዝናብ ብርቅ አይደለም፤
ጀልባ ሲገለበጥ ጋዜጣ የሚጽፈው የለም።
እንወጣለን ብቻ፤ አሥራ አንድ ፈቃደኛ፣
ሦስቱ ጡረተኛ፣
እውነቱን ልናገር፣ አንዱ ብቻ ዋናተኛ።

ደሞዝ የለን፣ ትርፍ የለን። ያለን አንድ ስም ነበር፣
ኦቪዲዮ ያወጣልን፣ ኢንተርኔት ገና በስልክ ሽቦ እያቃሰተ ሲቸገር፤
ጭራው ላይ ነጥብ፣ ከነጥቡ ወዲያ ኦርግ።
"ይቺን ጭራ ያየ ሰው" ይለን ነበር፣ "አይጠረጥርም፤
ትርፍ ፈላጊ በዚች በር አይዞርም።"
እኛም አመንን፣ ደሴቱም አመነ፤
ለካ በሩ ዘበኛ የለው፣ ለከፈለ ሁሉ ክፍት የሆነ።

ማሳሰቢያው መጥቷል። አንዴ ሳይሆን አራቴ፣
ወደ ኦቪዲዮ ኢሜይል፤ እኔማ ተኝቼ ነበር ከቤቴ።
የመጨረሻው "ውድ ደንበኛችን" ይላል፣
ለሞተ ሰው ሠላሳ ቀን ይሰጣል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ተብሏል።
ዋለ፣ እውነት ነው።
ማደር ግን አልቻለም፤
በአንድ ጥንድ የጎማ ጓንት ዋጋ
የማናውቀው ሰው ወሰደው ሳይነጋ።
የሞተ ስም የሚጠብቁ ሰዎች አሉ አሉኝ፣ እንደ አሞራ፣
የሰው ኪራይ የሚያልቅበትን ቀን የሚቆጥሩ በተራ።

ገጹ እንደ ድሮው ነው። ያው ብርቱካናማ ጀልባ፣
ያው የእኔ ፎቶ፣ ሰደርያዬ ርሶ ወደብ ስገባ፤
የተለወጠው አንድ ነገር፣
የባንኩ ሒሳብ ቁጥር።
ቁጥር ማን ያነባል? ሰው የሚያነበው ስም ነው።

ኤዴልሚራ ካርካሞ፣ የመረብ ጠጋኟ፣
ጣቷ እንደ ገመድ የሻከረ፣ መርፌ ጓደኛዋ፤
ሁለት ልጆች ነበሯት።
አንዱን በሕይወት አወጣንላት።
አንዱንም አወጣንላት።
ከዚያ ወዲህ በየወሩ፣ ጡረታዋ ሲገባ፣
አምስት ሺህ ፔሶ ለጀልባ፤
የእህቷ ልጅ ያሳየቻትን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ተጭና፣
ኦርግ የምትለዋን አይታ፣ ልቧ ረግቶ፣ አምና።
አሥራ አራት ወር።

የመጣችው ልትከስ አይደለም።
"ደረሰኙ ለምን ቀረ?" ልትለኝ ነው።
ኦቪዲዮ ከደረሰኙ ግርጌ በእጁ ይጽፍላት ነበር፣
"ባሕሩ ዛሬ ተኝቷል"፣
ወይም "ዛሬ ተነሥቶበታል"፣ እንዲህ ያለ ነገር።
የናፈቃት ገንዘቡ አልነበረም፤ ያቺ መስመር።

ነገርኳት። ዝም አለች። የኮቷን ውኃ አራገፈች።
"ታዲያ ያ ስም የማን ነው?" አለች።
"የከፈለ ሰው።"
"እናንተስ ማን ናችሁ?"

መልስ ሳልሰጥ፣ ከቦርሳዋ የታጠፉ ኖቶች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤
"ፊቴ ቆጥረህ፣ በእጅህ ጻፍልኝ" አለች።
ቆጠርኩ። ቀኑን ጻፍኩ። መጠኑን ጻፍኩ።
ከግርጌው "ባሕሩ ዛሬ ተነሥቶበታል" ብዬ ጨመርኩ።
"የድርጅቱ ስም" ከሚለው መስመር ስመለስ ግን
ብዕሬ ቆመ፤
አንዲት ነጥብ ብቻ ወረቀቱ ላይ አተመ።