ጋንና ትናንት

ከቦርከና ማዶ፣ መንገድ ሠሪ ካምፕ፣ ድስት አጥብ ነበር፤
እጄ በኦሞ ነጥቶ፣ ጆሮዬ ደንቁሮ በማያውቀው ነገር።
የወጥ ቤቱ አዛዥ ሽማግሌው ማ፣
ድስት ሲጋጭ እንጂ ሰው ሲጠራው አይሰማ።
ከዕቃው ሁሉ የሚሳሳው ለአንዲት ጥቁር ጠርሙስ፣
ቀስ ብሎ የሚያነሣት እንደ አራስ ልጅ ራስ።

«ምንድን ናት?» ብዬው ክዳኗን ብከፍታት፣
አፍንጫዬ ነው የመለሰልኝ፦ አቼቶ ናት።

ጣቱን ነከረባት፤ ከብረት ጠረጴዛው ላይ
በእርጥቡ ጫረና፣ «አንተ፣ ትርንጎ፣ እይ!»
(«አንቺ» ማለት ሁለት ዓመት አልለመደም፤
እኔም አንተ መባል ከፍቶኝ አያውቅም።)

«ግራው ጋን ነው፤ ይሄ አንገት፣ ይሄ ሆዱ፣ ውስጡ አተላ፤
ቀኙ ትናንት። ድሮ። ያለፈ። ቀን የበላ።»
ተረትም አለው፦ ጥንስሱን የረሳ ጠማቂ፣
በሃያ አንድ ቀኑ ሲመሽ ከፍቶ ቢቀምስ፣ ጎምዛዛም ጣፋጭም፣ አስደናቂ።
«ሃያ እዚህ፣ አንድ እዚህ፣ ከታች ቀን» ብሎ ቆጠረው በጣት፣
«የመንደር ወሬ ነው እንጂ እውነት አይደል» ብሎ ሣቀባት።

ጧት ገንፎው ላይ ጠብታ፣ ማታ በሊጥ ጥቅል፣
ማንቆርቆሪያው ነጭ ሲያወጣ በሷ ይታጠባል፤
ለዓሣ ሽታ፣ ለጉንፋን፣ ለተነፋ ሆድ፣
አንዳንዴም ያለ ምክንያት፣ በማንኪያ፣ እንደ ልማድ።

«ባል ሌላ ሲያይ» አለኝ፣ «‹ሚስት አቼቶ በላ› ይባላል እኛ አገር።»
ድስቱን ፈተግሁት። ሁለቴ። ንጹሕ ነበር።

ጓዳዬ አንድ ጋን አለ፤ ሸጋው የሰርግ ቀን ቆርጦ
ከባቲ ልጅ ጋር ሲጠፋ የቀረ፣ ጠላው ሆምጥጦ።
«ድፊው» ቢሉኝ ሁሉ፣ እጄ አልታዘዘኝም፤
ስሙን ሳላውቅለት ልጥለው አልሆነልኝም።
በስቅለት ሆምጣጤ፣ በሱቅ አቼቶ ነው፤
ማ ግን ባንድ ፊደል፣ ሳያውቅ፣ ጋኔን አወጣው።

መንገዱ አለቀ። ካምፑ ተነቀለ።
ማም ሄደ፤ በእጁ ብቻ «ደህና ሁን» እያለ።

ሰኞ፣ ባቲ ገበያ፣ ከባዶ ጠርሙስ ሻጭ ፊት፣
አንዷ ላይ አየሁት፤ ውስጧ ላምባ፣ ወረቀቷን ፀሐይ ልጧት።
ሻጩ አየኝ፤ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ።
«ታነቢዋለሽ እንዴ? ምን ይላል እስቲ?»
«ጋንና ትናንት» አልኩት።
«ላምባ ነው እኮ ያለው» አለኝ።

ዋጋዋን ጠየቅሁት።