በአንድ ጣት የሚፈታ

ለገሃር ፊት ለፊት ሰኔ ሲያጉረመርም
የሸራችን ሐኪም ከመንገዱ አይቀርም።
ጋሽ ጥላዬ ይመጣል፣ ገመድ በትከሻው፣
ምድሩ የሚወዛወዝ ይመስላል እርምጃው፤
የእኔን አሮጌ መጽሐፍ፣ የዘነበችን ካልሲ
ከዶፍ ሊያስጥልልን፤ ዋጋው ሻይ፣ አንድ ኩርሲ።

ገመዱ ዞሮ ዞሮ በራሱ ሆድ ይገባል፣
ነፋስ በጎተተው ቁጥር ብሶበት ይጠብቃል፣
በአንድ ጣት ሲነኩት ግን
እንደ ልጅ ኩርፊያ ይፈታል።

«ማን አስተማረህ?» አልኩት፣ ካፊያ ይዞን አንድ ቀን።

«ከዶሮ ማነቂያ ወጥቼ ባሕር ኃይል ስገባ
ባሕር ማለት የጃንሜዳው ጥምቀተ ባሕር ይመስለኝ ነበር።
ምጽዋ ላይ ሚስተር ሆብስ ተቀበለን፤ እንግሊዝ፣
አንገቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ጡረታው የደረሰ።
ጧት ጧት ጋዜጣ ይከፍታል፤
ዛሬ ደግሞ የቱ ደሴት ባንዲራ ቀየረ፣
የቱ መርከባቸው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ፣
ያነባል፣ ያጥፈዋል፣ ይቀመጥበታል፣
ከዚያ ገመድ ያድለናል።

«ካመጡልን ጀልባዎች የአንዷን ቀለም ስንፍቅ
ከሥር የሌላ አገር ስም ብቅ አለ።
‹የእናንተ ቤት እየፈረሰ የእኛን ማገር ታቆማለህ?› አልኩት።
‹የሚፈርስ ቤት ሚስማሩ አይጣልም፣
ተቃንቶ ለጎረቤት ይሸጣል› አለኝ።
ሳቀ፤ ፒፓውን ግን
ሦስት ክብሪት ፈጅቶም አልለኮሰም።

«እኛስ? ዘውድ ያለበት ቆብ ደፍተን እንዳልፎከርን
አንድ ጧት ‹ዘውዱን በምላጭ ፍቃችሁ ጣሉ› ተባልን።
ከዓመታት በኋላ ባሕሩም ለባለቤቶቹ ሆነ።
ከቀለሙ ሥር ለካ...»

ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልነበረውም።

ሳይጨርስ ከስታዲየም በኩል «ደንብ መጣ!» ተባለ።
ዘነበች አንድ ጣት፣
እኔም አንድ ጣት፣
እስከ ባቡሩ ድልድይ ድረስ ሸራው ሁሉ በአንዴ ወረደ፤
መጽሐፉን ከነካልሲው ጠቅልለን
ወደ ጓሮ ቀዘፍን።

ዘወር ስል
ጋሽ ጥላዬ ኩርሲው ላይ ነው፣
ዝናቡ ብርጭቆውን እየሞላለት፣
ጣቶቹን እያጠፈ
የወረዱትን ሸራዎች ይቆጥራል።