ቀድሞ የገባ

ሐምሌ ነው፤ ጦሳ ጉሙን ደሴ ላይ ደፍቷል፣
ሸዋ በር፣ ከመድኃኒት ቤቴ፣ መብራት ጠፍቷል።
በሻማ ብርሃን ሁለት ወረቀት ዘርግቻለሁ፣
የሁለት ኪኒን ጠባይ ጎን ለጎን አያለሁ።

አስፕሪን፣ ቦርከና ዳር ከቆመች አኻያ
በልጧ በኩል የሩቅ ዘመድ ነው።
አይቡፕሮፌን ዛፍ አያውቅም፤
ዘሩ ቢቆጠር ብልቃጥ ነው።
ሁለቱም አጥልቀዋል አንዳንድ ቀለበት፣
ስድስት ካርቦን እጅ ለእጅ የተያያዘበት፤
ከዚያ ወዲያ መልካቸው ለየቅል።

ከየስማቸው ስር የሚነኩት ፕሮቲን ተደርድሯል፤
የአንዱ ካንዱ አይገጥምም፣ ጣቴ ቁልቁል ይወርዳል፣
ይወርድና
እዚች መስመር ላይ ይቆማል፦
ኮክስ-አንድ። ከሁለቱም ሰፍሯል።

ጠባብ ጓዳ ናት፤ ሁለት እንግዳ አታሳድር።
አስፕሪን ከገባ፣ በሩን መርጎ ነው የሚኖር፤
ያቺ የደም ቅንጣት እስክትሞት አይከፈትም።
አይቡፕሮፌን ግን ጥቂት ሰዓት አርፎ
ውልቅ ይላል፤ ምስማር እንኳ አይመታም።

ይኼኔ ነው ጋሽ ይመር ካፖርታቸውን እያራገፉ የገቡት፣
ሁለት የሐኪም ወረቀት ከደረት ኪሳቸው ያወጡት፤
አንዱ ከቦሩ ሜዳ፣ ለልባቸው፣
አንዱ ከፒያሳ ክሊኒክ፣ ለጉልበታቸው።
«ባንድ ጉንጭ ውሃ ላውርዳቸው?»

«የለም ጋሼ። የልቡን ያስቀድሙ፤
ግማሽ ሰዓት ታግሠው የጉልበቱን ይድገሙ።
ለሐኪምዎም እደውላለሁ።
አዩ፣ የሁለቱም ደጅ አንድ ነው፤
መንገደኛው ቀድሞ ከገባ፣ ነዋሪው ውጭ ይቀራል፤
መንገደኛው ሲወጣ ደግሞ
ነዋሪው ሄዷል።»

ዝም አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ።
«ሐይቅ ሽማግሌ ልኬ ነበር» አሉ፤
«የአሰብ መንገድ ሹፌር ቀደመ።
በሦስት ወሩ ጥሏት ሄደ።
እኔ ግን ያኔ ኩታበር
ጎጆ ወጥቼ ነበር።»

ስሟን ልጠይቅ ብዬ ተውኩት።
ሰንጠረዤን አየሁት፤ የሚገናኙበትን ደጅ ያውቃል፣
ማን እንደቀደመ የሚጻፍበት ዓምድ ይጎድለዋል።

ፓኮዎቹ ላይ በእስክሪብቶ ፩ እና ፪ ጻፍኩላቸው።
ደጃፍ ደርሰው ተመለሱ፤ የእጅ ሰዓት የላቸው።
«ግማሽ ሰዓት ስንት ነው?»
«ከዚህ ፒያሳ፣ በእግር።»
«በእኔ ጉልበት? እዘገያለሁ እኮ።»
«ይዘግዩ ጋሼ፤
ዛሬ የታዘዘልዎ መዘግየት ነው።»