እጅ የሰጠው ማሽን

አለቃዋ አላት፦ «በሁለት ደቂቃ
ሳንቲሙን ይዋጠው፤ ጨዋታው ያብቃ።»
ቶሚኮ ኩራታ፣ ከኦሳካ ምድር ቤት፣
በብየዳ ጭስ ውስጥ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
በጠላት መርከቦች፣ በአምስተኛው ረድፍ፣
ግማሽ ትንፋሽ ክፍተት ተወች ለማለፍ፤
ለዕድለኛ አይደለም፤
ወድቆ ለሚቆጥር፣
ቆጥሮ ለሚደግም።

አንዲት ዓሣ ቆራጭ ከገበያው መጣች፤
ጣቷ የቢላ ጠባሳ። ሦስት ሳንቲም ከሰረች።
በአራተኛው ግን ከንፈሯ ይቆጥራል፦
ሁለት፣ ሦስት፣ አሁን።
ሰዓቱ ያልፋል፤ ሳንቲሟ ይሠራል።

አለቃው ሳጥኑን ነቀነቀ፤ ቀለለ።
«ማሽኑ ምን ነካው? ተበላሸ?» አለ።
«ደህና ነው» አለችው፤
«የሚያውቅ እጅ መጣበት፣ እጅ ሰጠ፤ ያ ነው።»

ከሴትየዋ ጀርባ ወረፋው በሩን አልፏል፤
በየጭብጡ ውስጥ ሳንቲም በላብ ርሷል።