ሣጥን ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

አርባ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ስለይ ኖሬ፣
ጡረታ ወጥቼ ፊት እለያለሁ ዛሬ።
ባቡር የረሳው ጣቢያ ነው ሙዚየማችን፣
ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ይከፈታል በራችን።
የሳስካችዋን ነፋስ በስንጥቁ እየገባ
ትኬት መሸጫው ላይ የስንዴ አቧራ ሲገነባ፣
እኔ ከካርቶን ውስጥ፣ ከሰም ወረቀት ሥር፣
ኦስላንድን አወጣለሁ፣ ሰው በሰው፣ በር በበር።

ይኸው ትምህርት ቤቱ፦ አርባ አንድ ልጅ በደረጃ፣
ጸጉሩ በውሃ የተላሰ፣ ጉልበቱ የጨዋታ ማስረጃ።
መምህር ሃልቮርሰን ዳር ላይ፣ ሰዓቱን በእጁ ይዞ፣
ሊመጣ ያለ ፈገግታን በጺሙ ውስጥ አግዞ።
ከሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ ስድስተኛዋ፣
ፊት የላትም፤ ጭጋግ ናት። እኔ ነኝ ባለቤቷ።
"አትነቃነቁ" ሲባል ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ዐረፈ፤
ከልጅነቴ የቀረኝ ይኸው ነው፣ እሱም የተንሳፈፈ።

ይኸው የኦልሰን የብረታ ብረት መደብር፣
ሰሌዳው ከጣሪያው በላይ ሲናገር፦
"ኦልሰን እና ወንዶች ልጆቹ"።
ያሳለው ሚስቱ የመጀመሪያዋን ነፍሰ ጡር ሳለች ነው አሉ።
ከሥሩ ሦስት ሴቶች ሽርጥ ታጥቀው፣ መዶሻ ጨብጠው ቆመዋል።
ቀለም ውድ ነበር፤ ሰሌዳው አልተለወጠም።
ኢንጋ፣ ራግንሂል፣ ቦርግሂል፣
ሃምሳ ዓመት ሙሉ "ወንዶች ልጆቹ" ሆነው ሚስማር መዘኑ።

እና ይኼ።
ካፌ ነው። መስታወቱ ላይ የፖም ኬክ ዋጋ በኖራ ተጽፏል።
ከደጁ ፈረስና ጋሪ፤
ከበሩ ውስጥ፣ ግማሽ ጥላ ላይ፣
አንድ ሰው እጁን በፎጣ ይጠርጋል።
ጀርባውን ገለበጥኩት። የሴቶች ማኅበሩ ጸሐፊ በሚያምር እጅ፦
"ጋሪው፦ የክሪስቶፈርሰን ወተት። ፈረሱ፦ ዱክ።
ከኋላ፦ ቻይናው።"

ፈረሱ በስሙ፣
ሰውየው በአገሩ።

ከተማው "ቻርሊ" ነበር የሚለው።
ቻርሊ፣ ቡና ጨምር። ቻርሊ፣ በዱቤ መዝግብ።
ማን እንዳወጣለት የሚያስታውስ የለም፤
ሲጠሩት ግን አቤት ይል ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ከቫንኩቨር አንዲት ሴት መጣች፣
ብብቷ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ።
የልጅ ልጁ ናት። አላለቀሰችም።
ፎቶው ላይ ባንኮኒውን በጣቷ ለካችና
"የሚጽፈው እዚህ ላይ ነበር" አለች።
ቆርቆሮው ውስጥ ደብዳቤ፣ ለሚስቱ፣ ወደ ሆንግ ኮንግ፣
ሰማያዊ፣ ስስ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚንኮሻኮሽ።
ጣቷ ከላይ ወደ ታች እየወረደ
አንዱን ተረጎመችልኝ፦
"ብርዱ ጨካኝ ነው። እንቁላል ተወደደ።
እዚህ ከተማ ስሜን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤
ፖስታ ቤት የምትሠራዋ ልጅ።"

ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ተነሣሁ።
ውሃ አልጠየቀችኝም።

አውቀው ነበር እኮ!
በየሁለት ሳምንቱ ፖስታው ላይ አነበው ነበር፦
ማ ዊንግ ሎክ፣ ሣጥን ቁጥር አሥራ ዘጠኝ።
ማኅተሜን መትቼ፣ ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ፣
በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻግሬ፣
ከባንኮኒው ፊት ከፍ ያለው ወንበር ላይ ወጥቼ፣
"ቻርሊ፣ አንድ ቁራሽ ኬክ" እለው ነበር።
ያመጣልኝ ነበር።
ሁልጊዜ ተለቅ ያለውን።

አሥር ሰዓት ላይ እንዘጋለን።
ሴትዮዋን ሸኝቼ ላጲስ አነሣሁ፤
"ቻይናው" ተፋቀ፣ ጠባሳው ግን ቀረ፤
ወደ መስኮቱ ቢያዘነብሉት ዛሬም ይነበባል።
ከላዩ በእርሳስ ስሙን ጻፍኩ።
የዱክን አልነካሁም፤ ፈረሱ ምን አጠፋ?

ከዚያ ባዶው ጣቢያ ውስጥ፣ ቁልፉን እንደያዝኩ፣
ጮክ ብዬ ጠራሁት።
አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ፣
አንዴ መጨረሻውን አንሥቼ፣ አንዴ ጥዬ።
የቱ ልክ እንደሆነ አላወቅኩም።
ያን ሁሉ ዘመን ያነበብኩት
በዓይኔ ብቻ ነበር።