ናሙና የሌለው

«የድሮውን አምጣው» አለኝ የመጀመሪያው፣
እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ቀና ብሎ ሳያየው።
«አሮጌውን አምጣ፣ ልለካው፣ ልቁረጠው፣
ካርዳን ያለ ናሙና ማነው የሚሠራው?»
አሮጌ የለውም።
መኪናው ራሱ ገና አልተወለደም።

አጽሙ አፉላ ነው፣ ከቤቴ ጓሮ፣ ከልብስ ማስጫው ሥር፣
በአራት ጉቶ ቆሟል፣ ጎማው ሳይነካ ምድር።
አካሉ ፋይበር ነው፣ ከአንድ ተስፋ ቆራጭ በካርቶን የገዛሁት፣
አክስሉ የፎርድ፣ ከሬሳ መኪና ፈትቼ ያጠብኩት።
ሞተሩ ግን የሱዙኪ፣ ሁለት ጎማ የለመደ፣
ከሰንሰለት በቀር ከዘንግ ጋር ያልተዛመደ።
ፊቱና ኋላው ባዳ ናቸው፣ ተፋጠው የቆሙ፤
መሐላቸው ሰማንያ ሳንቲም ባዶ።

ሁለተኛው ኪፓውን አስተካክሎ ሳቀብኝ፤
«በሬና አህያ ባንድ አትጥመድ ይላል ኦሪት» አለኝ።
ኦሪት እኔም አውቃለሁ፤ አጎቴ ቄስ ናቸው፤
ስለ ሱዙኪና ስለ ፎርድ ግን አልሰማሁም ከአፋቸው።

ዛውር ብቻ፣ ሃይፋ፣ ከነዳጅ ማጣሪያው ማዶ፣
ከቶርኖው ጎን ተቀምጦ፣ ጥቁር ሻይ ጥዶ፣
ናሙና አልጠየቀም። «ስንት ይዞራል?» አለ።
«ስምንት ሺህ በደቂቃ።»
ዝም።
ከዚያ ቀጭን ሽቦ አንስቶ በመሰርሰሪያ አዞረው፤
ሆዱ ሲነፋ፣ ሲያረግድ፣ በዓይኔ አየሁት።
«ቀጭንና ረጅም ነገር ሲሮጥ እንዲህ ነው፣
ጅራፍ ይሆናል፤ መጀመሪያ እግርህን ነው የሚቆርጠው።
ለሁለት እንክፈለው፣ መሐሉን ኩሽኔታ ይያዘው።»
የሱ ዕብራይስጥ የካውካሰስ፣ የኔው የወገራ፤
የተግባባነው በሚሊሜትር ነው፣ በጣትና በክሮቼራ።

አባቴ ካሊፐር አያውቅም። ስንዝር ነበረው፣ ጆሮ ነበረው፤
ማረሻ ሲቀጠቅጥ፣ ድምፁ ነበር «በቃ» የሚለው።
ማረሻውን ይወስዳሉ፣ እህል ይሰፍሩለታል፣
እጁን ግን አይጨብጡም፤ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይሉታል።
ይህን ለዛውር አልነገርኩትም።
እሱ ግን መዳፌን ገልብጦ አየ፣ የብየዳውን ጠባሳ፤
«የማን ልጅ ነህ?»
«የቀጥቃጭ።» ራሱን ነቀነቀ፣ ቶርኖውን አስነሳ።

በሳምንቱ በፎጣ ጠቅልዬ በባቡር ልመለስ ስል
የጣቢያው ጥበቃ አስቆመኝ፤ «ፍታው፣ ቀስ በል።»
የሚያብረቀርቅ ቱቦ። «ካርዳን ነው።» «የምን መኪና?»
«ገና የሌለ።»
ጓደኛውን ጠራ፤ ቆመው አዩት እንደ አዲስ ዜና።

ማታ ከሥሩ ተጋድሜ ገጠምኩት። ልክ ገባ!
ባለቤቴ ብርሃኔ የእጅ ባትሪውን እንደያዘች አጨበጨበች፣
ብርሃኑ ጣሪያ ለጣሪያ ሮጠ።
ከጉቶው ሳወርደው ግን፣ ክብደቱ ጎማው ላይ ሲያርፍ፣
አክስሉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር አጠረ ከጫፍ።

«ሰቅለህ ነው የለካኸው» አለ ዛውር፣ ሳል እያቋረጠው፤
«የተንጠለጠለ ነገር ልኩ ውሸት ነው።
ሸክሙን ስጠው፣ ቁጭ በልበት፣ ከዚያ ለካው።»
ቱቦውን ለውጦ በየደ። ዋጋ አልጨመረም።
ስድቡን ግን ጨመረ።

ዓርብ ከሰዓት ራሱ መጣ፣ ሱቆቹ ሲዘጉ።
አስነሳሁት። ጎረቤቶች መስኮት ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ።
አንደኛ። ሁለተኛ።
ከጎኔ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ዘንጉ ይዞራል፤
አይንቀጠቀጥም፣ አያለቅስም፣
አንድ ድምፅ ብቻ፣ ቀጥ ያለ፤
አባቴ መዶሻውን የሚያስቀምጥበት ድምፅ።

መንገዱ ግን ጫፍ አለው፤ የቆሻሻ ገንዳና አጥር።
የሞተር ሳይክል ካምቢዮ ደግሞ የኋላ ማርሽ አያውቅም።
ወረድን። እሱ ሰባ አንድ፣ እኔ ሃምሳ አራት፣
አፍንጫውን ይዘን ወደ ኋላ ገፋነው፣
ካርዳኑ ከሥሩ በግልባጩ ቀስ እያለ ሲዞር።
«እንግዲህ» አለ ዛውር እያለከለከ፣ «ናሙና አለህ።»
የሻባት ሲረን ጮኸ፤
እኛ ገና መንገዱን አላጋመስንም።